ያጠብሁት የቀለም ቀንድ

ይህን ታሪክ እስካሁን ሙሉውን የሰማው ሰው አንድ ብቻ ነው። ባለቤቴ ገነት ግማሹን ታውቃለች፤ እሱንም ያወቀችው ነግሬያት ሳይሆን ጥቁር ውሃ ስደፋ አይታኝ ነው። ዛሬ የምጽፈው ድፍረት አግኝቼ አይደለም። ዝም ብሎ መኖሩ ከበደኝ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። ሰው ሁሉ በስልኩ በሚጽፍበት ዘመን እኔ የቀለም ብልቃጥ እሰበስባለሁ። ነገሩ የጀመረው መሥሪያ ቤታችን አሮጌ ንብረት ሲያስወግድ ነው። ከተሰባበሩ ወንበሮች መሃል አንድ የድሮ ሹም የጠረጴዛ ዕቃ አገኘሁ፤ ከታች እምነ በረድ፣ በላዩ ክዳናቸው ነሐስ የሆነ ሁለት የመስታወት ብልቃጦች፣ በመሃላቸው ብዕር የሚጋደምበት ቦይ። አንዱ ለጥቁር፣ አንዱ ለቀይ ቀለም ነበር። ማንም ስላልፈለገው ለምኜ ወሰድሁት። ቤት አግብቼ በሎሚና በጨው ስወለውለው፣ ነሐሱ ማብራት ሲጀምር የተሰማኝ ደስታ በስንት ዓመት አንዴ የሚገኝ ነው።

ከዚያ ወዲያ አላረፍሁም። የዝሆን ቅርጽ ያለው፣ ክዳኑ የወፍ ራስ የሆነ፣ የተሰነጠቀ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አጥቤና አብርቼ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ደረደርሁት። እንግዳ ሲመጣ፣ «የሽቶ ጠርሙስ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ገነት ደግሞ፣ «አይ፣ ጣውንቶቼ ናቸው» ትላለች። ሁሉም ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ፤ ሲወጡ ግን አንድ በአንድ አቧራቸውን እጠርጋለሁ።

የጎደለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቁም ጸሐፊ ቀንድ። በብራና ላይ የሚጽፉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቀለማቸውን የሚይዙት በከብት ቀንድ ጫፍ ነው። ሹሉን መሬት ላይ ወይም እንጨት ላይ ይተክሉትና ብዕራቸውን እዚያ ውስጥ እየነከሩ ይጽፋሉ። ለቱሪስት የሚሠራውን ማንም ያገኘዋል፤ እኔ የፈለግሁት ዕድሜውን ሙሉ ሲጻፍበት የኖረውን ነበር። የከተማችን የጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ሙሐመድ ሮብ ገበያ አካባቢ እንዲህ ያለ ቀንድ ያላቸው አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ነገሩኝ። «ግን አትድከም፣ እኒያ ሰው አይሸጡትም» አሉኝ። ይህ እንኳን ሊያቆመኝ ይቅርና የበለጠ አቃጠለኝ።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ በከተማው አዳራሽ የቆዩ ዕቃዎች ዐውደ ርእይ ሊደረግ ሆነና ለእኔም አንድ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ረቡዕና ሐሙስ ነው ተባለ። ሰኞ ፈቃድ ወሰድሁና በጥዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሮብ ገበያ ወረድሁ። ከዚያ በእግሬ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄጄ የየኔታ ጥበቡን ቤት አገኘሁ።

የኔታ ደጃፍ ላይ በምሥራቅ በኩል ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸው ላይ ሳንቃ፣ ሳንቃው ላይ ብራና። ሰማንያን አልፈዋል። ቀኝ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል፤ ግራዋ የምታየው የጥዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ብቻ ነው። ባሏ የሞተባት ልጃቸው አትጠገብ አብራቸው ትኖራለች፤ በርጩማ አቀረበችልኝ።

«ማነህ ልጄ?» አሉኝ።

«ደሳለኝ እባላለሁ የኔታ። ከማርቆስ ነው የመጣሁ።»

«ማርቆስ ምን ትሠራለህ?»

«መዝገብ ቤት ነኝ።»

ፊታቸው በራ። «እንግዲያ አንተም የጽሕፈት ሰው ነህ። አትጠገብ፣ ጠላ ቅጂለት፣ የሙያ ወንድሜ ነው» አሉ።

የሚጽፉት ተአምረ ማርያም ነበር። የደብራቸው መጽሐፍ ጣሪያ አፍስሶበት ተበላሽቶ፣ አዲሱን ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጅተዋል። ለግንቦት ልደታ ሊያስረክቡ ቃል ገብተዋል። የቀራቸው የመጨረሻው ቅጠል ጀርባ ነው፤ አሥራ አንድ መስመር።

እኔ ግን ዓይኔ አጠገባቸው ከተተከለው ቀንድ ላይ አልተነሣም። ሁለት ቀንድ ናቸው፣ በጠፍር የተጣመሩ፣ አንዱ ለጥቁር አንዱ ለቀይ። አፋቸው ዙሪያውን ጥቃቅን መስቀል ተቀርጾበታል። የየኔታ መምህር፣ ከእርሳቸውም በፊት የመምህራቸው መምህር የጻፉበት ነው። ቢሸጡልኝ ብዬ ጀመርሁ፤ ሳልጨርስ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«የሚሸጥ አይደለም።»

«እንግዲያ ለሦስት ቀን ያውሱኝ። ሰው ይየው። የአባቶች ሙያ ተረሳ እያልን የምናለቅስ እኛው አይደለን?»

ይህን ያልሁት ከልቤ ይመስላችኋል? ያልሁት እንደሚሠራ ስለማውቅ ነው። የኔታ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ነገ አትጠገብ ይዛኝ አምበር እሄዳለሁ፤ የወንድሜ ተዝካር ነው» አሉ በመጨረሻ። «እስከ ዓርብ አልጽፍም። ሦስት ቀን ከሆነ ውሰደው። ዓርብ ጥዋት ግን እጄ ይግባ። ይች ዓይኔ ከግንቦት ወዲያ መቆየቷን እንጃ።»

«ዓርብ ጥዋት እዚሁ ነኝ የኔታ።»

«ቀለሙ ውስጡ አለ። ቢደርቅም አላለቀም፤ ጠብታ ውሃ ሲነካው ይነሣል። ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ነው፤ ስንት ወር ተዘፍዝፎ የበሰለ ነው። የቀረኝ እሱው ብቻ ነው፤ አዲሱ ገና ክረምቱን ይቆያል። እንዳለ መልሰው።»

«እሺ የኔታ» አልሁ። እሺ ስል ግን ጣቴ መስቀሎቹን እየቆጠረ ነበር። ጆሮዬ ሰምቶ ልቤ አልሰማም።

ማክሰኞ ከሰዓት ቤቴ ቁጭ ብዬ ሁሌ የማደርገውን አደረግሁ። ውሃ አሞቅሁ፣ የዱቄት ሳሙና በጠበጥሁ፣ ቀንዶቹን ዘፍዝፌ በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁ። በውስጣቸው የጋገረው ጥቁር ነገር አልለቅ ሲለኝ በማንኪያ ጀርባ ፋቅሁት። ውሃውን ሦስት ጊዜ ቀየርሁ። ሦስተኛውን ስደፋ ገነት መጣች።

«ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ጥቁር?»

«እድፍ ነው። የስንት ዘመን እድፍ።»

ጎንበስ ብላ አየችው። «እድፍ እንዲህ አይጠቁርም። ቀለም ነው እንጂ» አለች።

ያን ጊዜ ነው የየኔታ ቃል ተመልሶ የመጣልኝ። እንዳለ መልሰው። ውሃው በቦዩ ወርዶ አልቋል። ቀንዱ በእጄ ላይ ንጹሕ ሆኖ ያበራል። ወዲያው ግን ራሴን ማጽናናት ጀመርሁ። ቀለም ቀለም ነው። እኔ ዘንድ ስንት ጠርሙስ ጥቁር ቀለም አለ፤ ዕድሜዬን ሙሉ መዝገብ የጻፍሁት በሱ አይደለም? ሞልቼ እመልስላቸዋለሁ። የመዝገብ ቤት ሰው ቀለምን የሚያውቀው ከጠርሙስ ነው፤ ከጠርሙሱ በፊት ምን እንደነበረ ጠይቄ አላውቅም።

ዐውደ ርእዩ ላይ ከእኔ ጠረጴዛ ሰው አልጠፋም። ቀንዱን ዘይት ቀብቼው ስለነበር ያንጸባርቃል። ፎቶ አነሡት፣ አነሡኝ። ማን ነው ባለቤቱ ሲሉኝ፣ «ከአንድ አባት በአደራ ያመጣሁት ነው» እላለሁ፤ አደራ የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርጌ። ከአፌ ስትወጣ እንኳ አልቆረቆረችኝም።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ዐውደ ርእዩ እንደ ተዘጋ፣ ጥቁር ቀለም ሳህን ላይ አፍስሼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሲወፍር በማንኪያ ዛቅሁና በጥቁሩ ቀንድ ውስጥ ቀባሁት፣ ቀዩንም በቀይ ቀለም እንዲሁ፤ ደርቆ የከረመ እንዲመስል። እንግዲህ ልብ በሉ። ማጠቡ ስሕተት ነው፤ ይህ ግን ስሕተት አይደለም። ሥራዬን አውቄ፣ ተጠንቅቄ፣ ሰዓቴን ሰጥቼ የሠራሁት ነው።

ዓርብ ጥዋት በቃሌ ደረስሁ። ፀሐይዋ ደጃፉ ላይ ነበረች። የኔታ ከአምበር ማታውን ገብተው፣ ሳንቃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቁኛል። አትጠገብ ከጓሮ ነበረች።

«ቃልህን ጠበቅህ፣ ተባረክ» አሉኝ።

ቀንዱን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው አፉን ዞሩት። ዘይቱ ሳይነካቸው አልቀረም፤ ጣታቸውን አሻሹ። ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ሽታው የት ሄደ?»

የእርሳቸው ቀለም ለካስ የኮመጠጠ ሽታ ነበረው። እኔ አሽትቼው አላውቅም።

«አዳራሹ ውስጥ ሽቶ የተቀባ ሰው ብዙ ነበር የኔታ፤ ያ ይሆናል» አልሁ።

ይህ መልስ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ብቻዬን ሆኜ ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ። የኔታ ግን፣ «ይሆናል» አሉ። ጠብታ ውሃ ጨመሩበት፣ በሸምበቆ ብዕራቸው አማሰሉት፣ አማተቡና ጎንበስ አሉ።

እጃቸውን አየሁት። ያ ያረጀ እጅ ብራናው ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ብዕሩ ወረደ፣ ታጠፈ፣ ተነሣ። የመጀመሪያዋ ፊደል አምራ ተቀመጠች። እነሆ አልታወቀም ብዬ ተነፈስሁ። ሁለተኛዋን ሲጀምሩ ግን የመጀመሪያዋ እግር ማብቀል ጀመረች። በቆዳው ቀዳዳ ቀዳዳ እየገባ ጥቁሩ ወደ ጎን ሄደ፤ ጠርዙ ሰማያዊ ሆነ። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እንደዚያው። የኔታ ዓይናቸው ከምትጻፈው ፊደል ላይ ስለሆነ ያለፈውን አያዩትም። እኔ አያለሁ። መስመሩ ሙሉውን እስኪያልቅ አየሁ፤ አፌን አልከፈትሁም።

ቀና አሉና ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ።

«ደሳለኝ።»

«አቤት የኔታ።»

«ፊደሉ የሰፋ መሰለኝ። ዓይኔ ይሁን ነገሩ አልታወቀኝም። እስቲ አንተ እይልኝ።»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ ለመመለስ ተመኝቻለሁ። አንድ መስመር ብቻ ነበር የተበላሸው። አንድ ቃል በቂዬ ነበር።

«ደህና ነው የኔታ። ብራናው ትንሽ ስቦት ነው» አልኋቸው።

አመኑኝ። ሁለተኛውን መስመር ጻፉ። በመሃል የእመቤታችን ስም ሲደርስ በቀይ ሊጽፉ ቦታውን ክፍት ተዉለት። መስመሩን ጨርሰው እጃቸውን ሊያሳርፉ ሲሉ ጣታቸው ብራናውን ነካ። አነሡት፣ ወደ ፀሐይ አቀረቡት፣ አሸተቱት። ከዚያ ቢላቸውን አወጡ።

በብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል በቢላ ይፋቃል፤ የእርሳቸው ቀለም ቆዳው ላይ ስለሚቀመጥ ሲፋቅ ይነሣል። የእኔው ግን ሰርጎ ገብቷል። ፋቁት፣ ፋቁት፣ ቆዳው ሳሳ፣ ጥቁሩ አሁንም አለ። በመጨረሻ ቢላው በዚያ ማዶ ወጣ። ከጀርባው ባለፈው ወር የጻፉት ገጽ ነበር። ቢላቸውን አስቀመጡ።

«አጠብኸው» አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«አጠብሁት የኔታ።»

«ሽታውን ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ዓይን ሁነኝ ስልህስ?»

መሬት አየሁ። ይህን ጊዜ አትጠገብ ከጓሮ መጣችና ብራናውን አየች።

«ውይ አባባ። ምን ሆኑ?»

መልሱን መስጠት የሚገባኝ እኔ ነበርሁ። የኔታ ቀደሙኝ።

«እጄ ተንቀጠቀጠ» አሉ።

እጃቸውን ይዛ ሳመችው። «ደክሞዎት ነው። ከመንገድ ገብተው እንኳ አላረፉም። እስቲ ይተዉት ዛሬ» አለች። ብራናውን ከጉልበታቸው ላይ አነሣችና ወደ ቤት ገባች።

«የኔታ፣ ለምን እንዲያ አሉ? እኔ ልንገራት» አልሁ ቀስ ብዬ።

«አንተ ሰው መዝገቡን አምኖ የሚሰጥህ ነህ። ይህ ከተሰማ ማን ያምንሃል? ልጆችም ይኖሩሃል። እኔ ከእንግዲህ ስሜን ምን አደርገዋለሁ?»

ቀንዱን ከተተከለበት ነቅለው ወደ እኔ ገፉት። «ውሰደው። ከታጠበ ወዲያ ለእኔ ቀንድ ብቻ ነው። ምሳ ሳትበላ ግን አትሄድም።»

በላሁ። አትጠገብ እንግዳ ብላ አጎረሰችኝ። ከዚያ ቀንዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። እምቢ አልሁ ብዬ ባወራችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ወሰድሁት። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቦርሳውን ከፍቼ እንዳልተሰነጠቀ አይቻለሁ።

ለግንቦት ልደታ ሄድሁ። እዚያ ልናገር ነበር፤ ገነትን ሳልነግራት ሚኒባስ ውስጥ ቃላቱን እያዘጋጀሁ ሄድሁ። የቀሩትን ዘጠኝ መስመሮች አንድ ሌላ ጸሐፊ በራሱ ቀለም ጨርሷቸው ነበር። ከቅዳሴ በኋላ መጽሐፉ በሕዝቡ ፊት ሲሰጥ ቄሰ ገበዙ ገለጡት፤ የመጨረሻው ቅጠል ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። የኔታ ሳይጠየቁ፣ «የእኔ እጅ ነው፤ አርጅቷል፣ ይቅር በሉኝ» አሉ። ከመርጡለ ማርያም በኩል ዳዊት ሊያስጽፉ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ተያዩ፤ ሳይጠይቁ ሄዱ። አጠገቤ የቆመ ሰው፣ «አይ እርጅና፤ ያ እጅ እንዲህ ይሁን» አለና ከንፈሩን መጠጠ። እኔም አብሬው ከንፈሬን መጠጥሁ። ያዘጋጀኋቸው ቃላት አንዳቸውም አልወጡም።

በሚቀጥለው ጥር የኔታ አረፉ። የሰማሁት ከቀብር በኋላ ነው። ለዐርባቸው ቀንዱን ይዤ ሄድሁ። እድምተኛው ከተበተነ በኋላ አትጠገብን መደብ ላይ ብቻዋን አገኘኋትና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋት። ጥቁሩን ውሃ፣ ሳህኑን፣ ሽቶውን፣ ዓይን ሁነኝ ያሉኝን፣ ምንም ሳላስቀር። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እጃቸው ደህና ነበር ማለት ነው?»

«ደህና ነበር።»

ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ከዚያች ዓርብ በኋላ ብዕሮቻቸውን ጠቅልዬ ለአንድ ዲያቆን ሰጠሁባቸው» አለች። «እጅዎ ከዛለ ይረፉ ብዬ። እሺ አሉኝ። ጥዋት ጥዋት ደጃፍ ተቀምጠው ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። ተንቀጠቀጡ እያልሁ ጋቢ እደርብባቸው ነበር። ይጽፉ ነበር ለካ።»

ቀንዱን መደቡ ላይ አስቀመጥሁት። አላነሣችውም፤ ውሰደውም አላለችኝ። ትቼው መጣሁ፤ ምን እንዳደረገችው አላውቅም።

ብልቃጦቼ ዛሬም መደርደሪያው ላይ ናቸው፤ አቧራቸውን ግን አልጠርግም። ገነት ምክንያቱን አትጠይቀኝም። መዝገብ ቤት ውስጥ ሰው ወረቀቱን ሲሰጠኝና «በአንተ እጅ ከሆነማ» ሲለኝ ቀና ብዬ ላየው አልችልም። የኔታ ያተረፉልኝ ስም ይኼ ነው፤ በእርሳቸው ስም የተገዛ ስለሆነ በሄድሁበት ሁሉ ይከብደኛል። እናንተ ምናልባት፣ ሰውየው ራሳቸው ፈቅደው የሸፈኑትን ምን ያስወጣሃል ትሉኝ ይሆናል። እርሳቸው የሸፈኑት እኔን ነው። የዚያችን ዓርብ የእጃቸውን ነገር ግን ከእንግዲህ የሚናገርላቸው የለም፤ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ስለዚህ ሮብ ገበያ አካባቢ ያላችሁ፣ ያን ተአምረ ማርያም የምትሰሙና የምታነቡ፣ መጨረሻው ቅጠል ላይ ስትደርሱ ሁለት የፈሰሱ መስመሮችና አንድ ቀዳዳ ታገኛላችሁ። አይ እርጅና አትበሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ፤ የየኔታ ጥበቡ እጅ አልተንቀጠቀጠም።